በሞት የተጻፈ የጨዋታ ሕግ፦ ስለ አሜሪካ ፉትቦል

አሜሪካ የገባ ሐበሻ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ ምኑን ነው እግር ኳስ የሚሉት?» ትንሽ ካየ በኋላ ደግሞ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ድብድብ?» ይላል። ከዚያ ቻናሉን ቀይሮ አርሰናልን ፍለጋ ይሄዳል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ጨዋታ ነው። ምክንያት አለኝ። ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው እዚሁ አድገዋል። «ልጄ የትምህርት ቤቱ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ካልገባሁ ብሎ አስጨነቀኝ፤ ልፈርምለት ወይስ ይቅርበት?» ብለው በውስጥ መስመር የሚጽፉልኝ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እኔ ሐኪምም አሰልጣኝም አይደለሁም፤ ታሪክ ማገላበጥ ግን እወዳለሁ። የጨዋታውን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር፣ የወላጆቹ ጥያቄ አዲስ አለመሆኑን ነው። ከ120 ዓመት በፊት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በዋይት ሐውስ ሰው ሰብስቦ የመከረበት ጉዳይ ነው። እንዲያውም ጨዋታው የዛሬ መልኩን የያዘው በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው

ሜዳው 100 ያርድ ይረዝማል፤ 91 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሁለቱም ጫፍ 10 ያርድ የሚሆን የጎል ክልል አለ። ከየቡድኑ 11 ሰው ይገባል። ኳሱ የእንቁላል ቅርጽ አለው። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ አንዷን ሙከራ «ዳውን» ይሏታል። በአራት ዳውን ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ አዲስ አራት ዳውን ያገኛል። ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። የጨዋታው ነፍስ ይቺ ናት፦ መሬት ነው የሚቀማሙት።

ኳሱን ይዞ የባላጋራው የጎል ክልል የገባ «ታችዳውን» አስቆጠረ ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ ኳሱን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካሳለፈ 1 ይጨመርለታል። በእግር መምታቱን ትቶ በድጋሚ ከገባ ደግሞ 2። መግባት የማይሆንለት ሲመስለው ከሩቅ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ቢያሳልፍ 3 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ «እግር» ጨርሶ የለበትም ማለት አይቻልም፤ ሥራው ግን አነስተኛ ነው።

አጥቂውን የሚመራው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ኳሷን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ያቀብላል፣ ወይ ወደፊት ይወረውራል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል። እያንዳንዷ ሙከራ አስቀድሞ የተጠና ዕቅድ አላት። በየመሃሉ እየቆሙ የሚንሾካሾኩት ለዚህ ነው። አንድ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ኳሱ በእንቅስቃሴ ላይ ያለበት ጊዜ ሲለካ ግን 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የቀረው ምክክር፣ ድጋሚ ምስልና ማስታወቂያ ነው። የእኛ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። ለሚያውቀው ሰው ግን ያቺ ቆይታ ራሷ ጨዋታ ናት። «አሁን ይሮጣሉ ወይስ ይወረውራሉ?» እያለ ይከራከርባታል። ሁለት ሰው ዳማ ሲጫወት ዙሪያውን ከቦ የሚመክረውን ሰው አስቡት፤ በቃ እሱ ነው።

ከየት መጣ?

ድሮ እንግሊዝ አገር አንድ መንደር ከሌላው መንደር በጅምላ ወጥቶ ኳስ ይገፋፋ ነበር። የሰው ቁጥር ገደብ የለውም፣ ሜዳው ልክ የለውም፣ ጉዳት አይጠፋም። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በኋላ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች እየወሰዱ በየፊናቸው ሕግ አወጡለት። አንዱ ወገን በ1863 ኳስ በእጅ መያዝን የሚከለክለውን መንገድ ያዘ፤ እሱ የእኛ እግር ኳስ ሆነ። በእጅ ይያዝ ያለው ወገን በ1871 የራግቢ ማኅበርን አቋቋመ። ሁለቱም ግን «ፉትቦል» የሚለውን የቤተሰብ ስም ይዘው ነው የተለያዩት። የአሜሪካው ጨዋታ የራግቢ ልጅ ነው፤ ስሙንም የወረሰው ከዚያው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይሄው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ የሚባለው ኖቬምበር 6 ቀን 1869 በኒው ጀርሲ በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል የተደረገው ነው። ከየቡድኑ 25 ሰው ገባ፤ ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ያኔ ኳስ ይዞ መሮጥ አይፈቀድም ነበር። በ1874 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሃርቫርድ ድረስ መጥቶ በራግቢ ሕግ ሲጫወት ግን ሃርቫርዶች ወደዱት፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው ዋልተር ካምፕ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋችና አሰልጣኝ ነበር፤ እንጀራው ግን የሰዓት ፋብሪካ ነው። ራግቢ ላይ ተጫዋቹ ሲወድቅ ሁሉም ተረባርቦ በኳሱ ላይ ይተራመሳል። ካምፕ ይሄ ትርምስ አልተመቸውም። በ1880 ባሳለፈው ሐሳብ አንዱ ቡድን ኳሱን በእርግጠኝነት ይዞ፣ በመስመር ተሰልፎ፣ በምልክት እንዲጀምር ተደረገ። የተጫዋቹ ቁጥርም ያኔ ነው 11 የሆነው።

ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። ኳሱን የያዘው ቡድን ላለመሸነፍ ብሎ ሳይለቅ ግማሹን ጨዋታ መጨረስ ቻለ። በ1881 የልና ፕሪንስተን አንደኛው አንዱን አጋማሽ፣ ሌላኛው ሌላውን አጋማሽ ኳሱን አቅፈው ዋሉና ያለ ነጥብ ተለያዩ። ተመልካቹ ተናደደ። በ1882 «በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ካልሄድክ ትለቃለህ» የሚል ሕግ ወጣ። ርቀቱን ለመለካት ሜዳው በነጭ መስመር ተሸነሸነ፤ የሥጋ መጥበሻ ብረት መሰለ። ፉትቦል ሜዳ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ በመጥበሻ ብረት ስም የሚጠራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዘመኑ የፋብሪካ ዘመን ነው። ሰዓት፣ መለኪያ፣ የሥራ ክፍፍል፣ ትዕዛዝ ሰጪ አለቃ። ጨዋታውም ያንኑ መሰለ። ሌላም ነገር አለ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ነው ያበቃው። የተዋጉት አባቶች ልጆች ኮሌጅ ገብተው በሰላም ይማራሉ፤ «ይሄ ትውልድ ጦር ሳያይ ልፍስፍስ ሆኖ ሊቀር ነው» የሚል ሥጋት በትልልቆቹ ዘንድ ነበር። ፉትቦል የወንድነት ማስመስከሪያ ተደርጎ ተያዘ። የእኛ አባቶች በሰላም ጊዜ ፈረስ ጭነው ጉግስ የሚጫወቱት ለምን ነበር? ነገሩ ይመሳሰላል።

18 ሬሳ እና አንድ ፕሬዚዳንት

በ1892 ሃርቫርዶች ከየል ጋር ሲጫወቱ አዲስ ዘዴ ይዘው ቀረቡ። ዘዴውን የፈጠረላቸው ሎሪን ዴላንድ የሚባል ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ፣ ቼዝ የሚወድና የናፖሊዮንን ጦርነቶች የሚያነብ ሰው ነው። ተጫዋቾቹ ከሩቅ እየሮጡ መጥተው እንደ ሽብልቅ ይጋጠማሉ፤ ኳስ የያዘውን መሃል ከትተው አንድ ሰው ላይ በጅምላ ይወርዳሉ። ውጤቱን ገምቱት። ወዲያው ሁሉም ኮረጀው፤ አጥንት መሰባበሩ ስለበዛ በ1894 ታገደ። በጅምላ መግፋቱ ግን በሌላ መልክ ቀጠለ። ያኔ ሄልሜት ግዴታ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ጠጉሩን አስረዝሞ ነበር ለጭንቅላቱ መከላከያ የሚያደርገው!

1905 ደረሰ። በዚያ አንድ የጨዋታ ወቅት ብቻ ቢያንስ 18 ወጣቶች ሞቱ ተብሎ በጋዜጣ ተቆጠረ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጨዋታውን የሚወድ ሰው ነው፤ የገዛ ልጁም በዚያው ዓመት ለሃርቫርድ አዲስ ተማሪዎች ቡድን ሲጫወት አፍንጫው ተሰብሯል። ኦክቶበር 9 ቀን የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርቶ «ጨዋታውን አጽዱት» አላቸው። እነሱም ቃል ገብተው ሄዱ። ሞቱ ግን አልቆመም። በኖቬምበር መጨረሻ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ግጥሚያ የተጋጣሚው ቡድን ተማሪ ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሚታገስ ጠፋ። ኮሎምቢያ ጨዋታውን ጨርሶ ተወው። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ፉትቦልን ጥለው ወደ ራግቢ ገቡ። የቀሩት ኮሌጆች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ትልቅ ተቋም የዚያ ስብሰባ ልጅ ነው። አያችሁ? ተቋሙ ራሱ ከሬሳ ነው የተወለደው።

አሁን ደግሞ አንዲት የምትገርም ነገር። ካምፕ ያቀረበው መፍትሔ ሜዳው ወደ ጎን ይስፋ የሚል ነበር። ሰው ተበታትኖ ይጫወታል፣ መጨፍለቁ ይቀንሳል ነው ነገሩ። ግን ሃርቫርድ ገና በ1903 ትልቅ የኮንክሪት ስታዲየም ሠርቶ ጨርሷል፤ ሜዳውን ማስፋት ማለት ስታዲየሙን ማፍረስ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሌላው ሐሳብ አለፈ፦ ኳሱን በአየር ወደፊት መወርወር ይፈቀድ። በ1906 ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በሦስት ሙከራ መኬድ ያለበት ርቀት ወደ 10 ያርድ ከፍ አለ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከልም ማንም የማይገባበት ክፍተት ተደረገ። ዛሬ ሚሊዮኖችን ከመቀመጫቸው የሚያስነሳው ረጅሙ ውርወራ፣ የጨዋታው ውበት የምንለው ነገር፣ የመጣው ለውበት ብሎ አይደለም። ልጆች እየሞቱ ስለነበር ነው።

ይሄም ሆኖ ሞቱ ወዲያው አልቆመም። በ1909 እንደገና በረከተና በ1910 መገፋፋትና መጎተት ተከለከለ። በ1912 አራተኛው ሙከራ ተጨመረ፤ ታችዳውንም 6 ነጥብ ሆነ። ከላይ የዘረዘርኩላችሁ ሕግ በሙሉ ማለት ይቻላል እንደዚህ ነው የተገኘው።

ውርወራውን ጥበብ ያደረጉት

ታላላቆቹ ኮሌጆች ውርወራውን መጀመሪያ ላይ ናቁት። ከተጠቀሙበት ቀዳሚዎች አንዱ ፔንስልቬንያ የነበረው የካርላይል የሕንዶች ትምህርት ቤት ነው። ይሄ ትምህርት ቤት ታሪኩ ያማል። በ1879 አንድ የጦር መኮንን ነው ያቋቋመው፤ ዓላማው የአገሬውን ተወላጆች ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥሎ፣ ጸጉራቸውን ቆርጦ፣ ቋንቋቸውን አስረስቶ ነጭ ማድረግ ነበር። እነዚያ ልጆች ግን የነጩን የራሱን ጨዋታ ይዘው ተነሱበት። በአካል ከተጋጣሚዎቻቸው ያነሱ ስለነበሩ በፍጥነትና በብልሃት ነው የሚጫወቱት። በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ 15 አሸነፉ።

በ1912 ደግሞ ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ጋር ገጠሙ። አስቡት፤ የአገሬውን ሰው ከወጋው ጦር የወደፊት መኮንኖች ጋር ማለት ነው። ዉንድድ ኒ ላይ ያ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ገና 22 ዓመቱ ነው። ካርላይል 27 ለ 6 አሸነፈ። በተሸናፊው ቡድን ውስጥ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነበረበት። የአሸናፊዎቹ ኮከብ ደግሞ በዚያው ዓመት ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ጂም ቶርፕ ነው። የዛሬው ኤንኤፍኤል በ1920 ኦሃዮ ውስጥ በሌላ ስም ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ያደረጉትም ይሄንኑ ቶርፕን ነው።

በሩ ሲዘጋና ሲከፈት

ሊጉ ሲጀመር ጥቂት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩት። ፍሪትዝ ፖላርድ በ1921 የአክሮን ቡድንን እየተጫወተ አሠልጥኗል። ከ1934 እስከ 1945 ግን አንድም ጥቁር ተጫዋች የለም። በወረቀት የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ በሩ ብቻ ተዘጋ። የተከፈተው በ1946 ነው፤ የራምስ ቡድን ሎስ አንጀለስ ሲገባ ሊጠቀምበት የፈለገው ስታዲየም የሕዝብ ንብረት ስለነበር፣ የጥቁር ጋዜጠኞች «በእኛ ግብር በተሠራ ሜዳ ላይ እኛን ከልክላችሁ አትጫወቱም» ብለው ተሟገቱ። ኬኒ ዋሽንግተንና ዉዲ ስትሮድ ፈረሙ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ቡድን ማን መሰላችሁ? የእኛው የዲሲ ቡድን ነው! ባለቤቱ እስከ 1962 ድረስ አሻፈረኝ አለ። አዲሱ ስታዲየም በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለተሠራ፣ የኬኔዲ መንግሥት «ጥቁር ካላስገባህ ስታዲየሙን አትረግጠውም» አለው፤ ያኔ እጁን ሰጠ። ያው ቡድን የአገሬውን ተወላጆች የሚሰድብ ስሙን የቀየረው ደግሞ በ2020 ነው። ዛሬ ኮማንደርስ ይባላል። የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ሳይ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

እንዴት የአገር በዓል ሆነ?

እስከ 1950ዎቹ ድረስ የአሜሪካ ጨዋታ ቤዝቦል ነበር። ነገሩን የለወጠው ቴሌቪዥን ነው። በ1958 መጨረሻ ባልቲሞር ኒው ዮርክን በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 ያሸነፈበትን የዋንጫ ጨዋታ ብዙ ሚሊዮን ሰው በየቤቱ አየ። ያ ቆም፣ ጀመር የሚለው ባሕርይ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ይመስላል።

ከዚያ የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል አንድ ብልህ ነገር ሠራ። ቡድኖቹ የቴሌቪዥን መብታቸውን በየግላቸው ከሚሸጡ በጋራ ሸጠው እኩል እንዲካፈሉ አሳመናቸው። በ1961 ኮንግረስ ይህን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ኒው ዮርክም ሆነ ግሪን ቤይ የምትባለው መቶ ሺህ ሰው የሚኖርባት የዊስኮንሲን ከተማ እኩል ድርሻ አላቸው። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ ደካማው ቡድን ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ቀድሞ ይመርጣል። ከ1994 ወዲህ ለደሞዝ ጣሪያ አለ። የግሪን ቤይ ቡድን ጭራሽ ባለሀብት የለውም፤ ከ500 ሺህ በላይ ደጋፊዎች ናቸው አክሲዮን የያዙት፣ ትርፍ ግን አይከፈላቸውም። የዓለም ካፒታሊዝም መዲና ውስጥ በጣም የሚወደደው ጨዋታ «ያለው ለሌለው ያካፍል» በሚል መርህ ይመራል። ደርግ ቢያየው ይቀና ነበር!

የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ጃንዋሪ 15 ቀን 1967 ሲደረግ ስታዲየሙ እንኳ አልሞላም። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየዋል። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በ2025 እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ2023 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ካያቸው 100 ስርጭቶች ውስጥ 93ቱ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎች ነበሩ። በምስጋና ቀን ቱርክ ተበልቶ ፉትቦል ይታያል፤ ዲትሮይት ከ1934፣ ዳላስ ከ1966 ጀምሮ በዚያ ቀን ይጫወታሉ። በየትንንሹ ከተማ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ፣ ቅዳሜ የኮሌጅ፣ እሑድ የሊጉ ነው። አንድ ሚሊዮን ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይጫወቱታል።

የእረፍት ሰዓቱ ዝግጅትም ራሱን የቻለ በዓል ነው። ማይክል ጃክሰን በ1993 ካቀረበ ወዲህ ዓለም የሚያየው መድረክ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2021 ታምፓ ላይ ያንን መድረክ ብቻውን የያዘው ማን ነበር? የእኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ። የዚያን ለት ፉትቦል አይተው የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

መድረኩ ሰፊ ሲሆን ጠቡም እዚያው ይመጣል። ኮሊን ካፐርኒክ በ2016 የፖሊስን ግፍ በመቃወም መዝሙር ሲዘመር ተንበረከከ፤ ከዚያ ወቅት በኋላ የሚቀጥረው ቡድን አላገኘም። አሜሪካ ስለራሷ መጨቃጨቅ ስትፈልግ ብዙ ጊዜ የምትጨቃጨቀው በፉትቦል በኩል ነው።

የድሮው ጥያቄ ተመለሰ

ሄልሜት ችግሩን አልፈታውም ወይ? በ1939 ለኮሌጅ፣ በ1943 ለኤንኤፍኤል ግዴታ ሆነ። ጠንካራው ፕላስቲክ ሲመጣ ግን ያልታሰበ ነገር ተከተለ። ጭንቅላቱ የተጠበቀለት ሰው ጭንቅላቱን መሣሪያ አደረገው፤ እንደ በግ በግንባሩ መጋጨት ጀመረ። በ1968 ብቻ 36 ሰዎች ሜዳ ላይ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። ይህ ከ1905ቱ እጥፍ ነው! በ1976 በጭንቅላት ቀድሞ መግጨት ተከለከለ፤ ሞቱም ቀነሰ። በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በግጭት የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ሕግ ሰው ያድናል ማለት ይሄ ነው።

ግን ሌላ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት ነበር። በ2002 የፒትስበርጉ ዝነኛ ተጫዋች ማይክ ዌብስተር በ50 ዓመቱ ሞተ። አራት ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ሰው በመጨረሻ ዘመኑ አእምሮው ታውኮ፣ ቤት አልባ ሆኖ መኪና ውስጥ እስከማደር ደርሶ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነው። አንጎሉን በመሣሪያ በደንብ ካላየሁ ብሎ፣ በተደጋጋሚ መመታት የሚመጣ ሲቲኢ የሚባል በሽታ አገኘ። በ2005 ሲያሳትመው የሊጉ ሐኪሞች «ጽሑፉ ይሻር» ብለው ጠየቁ። ኳስ የማያውቅ አፍሪካዊ ስደተኛ የአሜሪካን ትልቁን ጨዋታ ተጋፈጠ። ሊጉ በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት እንዳለ በባለሥልጣኑ አንደበት ያመነው በ2016 ነው።

በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ በ110ሩ በሽታውን አገኙ። እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ አንጎሉን ለምርምር የሰጠው ቤተሰብ አስቀድሞ ምልክት ያየ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የተጫወተ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በሽታው በትክክል የሚረጋገጠውም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚስማሙበት ግን አለ፦ ዋናው ነገር አንድ ከባድ ምት ብቻ ሳይሆን የዓመታት ድምር ነው፤ ትንንሾቹም ይቆጠራሉ።

ተጫዋቾቹ ከሰሱ፤ ሊጉ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። እዚያም ውስጥ ጉድ ተገኘ። ለካሳው የማሰብ ችሎታ ሲለካ ጥቁሮች ከመነሻው ዝቅ ያለ ችሎታ እንዳላቸው ተደርጎ ይሰላ ነበር፤ ስለዚህ ጥቁሩ «ተጎድቻለሁ» ብሎ ማስረዳት ይከብደው ነበር። ይሄ አሠራር እንዲቀር ስምምነት የተደረሰው በ2021 ነው። የሊጉ ተጫዋች አብዛኛው ጥቁር መሆኑን አስታውሱ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ማታ ደግሞ የቡፋሎው ዳማር ሃምሊን ደረቱን ተመቶ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ልቡ ቆመ። ጓደኞቹ ከበውት ቆመው ሲያለቅሱ ሚሊዮኖች አዩ። ጨዋታው ተቋረጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ፤ በቀጣዩ ወቅትም ተመልሶ ተጫወተ። ሊጉም በ2024 ሁለቱ ቡድኖች ከሩቅ ሮጠው የሚላተሙበትን የመክፈቻ ምት ሕግ ለወጠ። ከሃርቫርዱ ሽብልቅ 132 ዓመት በኋላ፣ ያው ከሩቅ ሮጦ መጋጨት አሁንም እየተቃናነው ነው።

እንግዲህ ለወላጆች

ከዚህ ሁሉ የምረዳው ይሄን ነው። ፉትቦል መቼም ቢሆን «አደጋ የለውም» ተብሎ አያውቅም። 150 ዓመት የኖረው አደጋው ስለጠፋ ሳይሆን፣ ሰው በሞተ ቁጥር ሕጉ ስለተቀየረ ነው። ሕጉ ደግሞ በራሱ አልተቀየረም። ጋዜጠኛ ቆጥሮ፣ ሐኪም መስክሮ፣ ወላጅ ጮኾ ነው። ካልተጮኸ የሚቀየር ነገር እንደሌለ የዌብስተር ታሪክ ይነግረናል።

ስለዚህ «ልፈርምለት?» ለሚለው አዎ ወይም አይ ብዬ አልመልስም። ልጁ የሚፈልገው ኳሷን ብቻ አይደለም፤ እንደ እኩዮቹ መሆንን፣ ዓርብ ማታ ስሙ ሲጠራ መስማትን ነው። ያንን ማቃለል ልጁን ማቃለል ነው። አንጎሉ ግን አንድ ነው፤ መለዋወጫ የለውም። እኔ ብሆን ከመፈረሜ በፊት አሰልጣኙን እጠይቀዋለሁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ነው ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ? ጭንቅላቱን ሲመታ ከሜዳ የሚያስወጣው ማነው፣ ማንስ ነው ተመለስ የሚለው? ሜዳው ላይ የልብ ማስነሻ መሣሪያና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው አለ? ልጁ ገና ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሳይጋጩ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ በመንጠቅ ብቻ የሚጫወቱት ፍላግ ፉትቦል አለ፤ በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ይገባል።

መልሱን በትክክል የማይመልስ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ፣ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

እዚህ አገር ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ልጃችሁን ያስጫወታችሁም የከለከላችሁም፣ ተሞክሯችሁን ከታች ጻፉልን። ለሌላው ወላጅ ይጠቅማል። በቸር እንሰንብት።